የምድር ቤቱ ስልክ

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የኔ ጆሮ ግን ባዳ የመሆን ዕድል አላገኘም፤ የምተኛበት ክፍል ከወጥ ቤቱ ወለል በታች ስለሆነ ከላይ የፈሰሰ ውሃም የተወራ ወሬም በቧንቧው ዙሪያ በቀረችው ቀዳዳ ቀጥ ብሎ እኔ ላይ ይወርዳል። የዚያን ቀን ጠዋት የወረደልኝ የምራቴ ድምፅ ነበር። «እኔ ራሴ ጠዋት ሞልቼ ነው የምሰጣቸው፤ ለምሳ ስመለስ ሞቶ ነው የማገኘው። ሰው ቀኑን ሙሉ ካላወራ ስልክ እንዲህ ይሆናል? ደግሞ አጯጯሃቸው! ሃሎ! ሃሎ! ጎረቤት ሁሉ ይሰማል እኮ። የቤታችንን ገመና ለአገር ለምድሩ እየዘሩት ነው እልሃለሁ።» ልጄ ሻዩን ሲያማስል ማንኪያው ብርጭቆውን ይነካካል። «ተያት፣ አሮጊት ናት» ቢል እንኳ በሆዴ ይቅር እለው ነበር። እሱ ግን ትንሽ አሰበና «በቃ እኔ ጋ ይቆያል፤ ማታ ማታ እየሰጠኋት ታወራለች» አለ። ወይ ጉድ! ከረሜላ እንደሚከለከል ሕፃን! አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ካልሲዬን እስከ ግማሽ እንዳጠለቅሁ ቀረሁ።

እኔ ስለ ማንም አላወራሁም። ባወራም አላፍርም ነበር፣ የሚወራ ሞልቶ! ነገሩ ግን ሌላ ነው። ያ ክፍል ድሮ የውሃ ፓምፕና የቀለም ቆርቆሮ ማስቀመጫ ነበር። ፀሐይ የሚገባበትን የላይኛውን ክፍሌን ልጄ መጀመሪያ ለቢሮ ፈለገው፤ ቀጥሎ ለእንግዳ ይሁን ተባለ፤ እንግዳ አልመጣም፤ አልጋው ግን እንደተነጠፈ አለ። ለኔ የተነገረኝ «ለጉልበትሽ ብለን ነው፣ ደረጃ እንዳትወጪ» የሚል ነው። ወደ ምድር ቤትም የሚወረደው በደረጃ መሆኑን ያስተዋለ ሰው አልነበረም። ለጉልበቴ የታሰበለት መውረዱ ብቻ ነው መሰለኝ፣ መውጣቱ የኔ ጉዳይ ነው። ግድግዳው ክንድ የሚያህል ኮንክሪት ነው። በሩ ብረት ነው። መስኮት የሚሏት ጣሪያው ሥር ያለች አንድ ጡብ የማታህል ክፍተት ናት፤ በእሷ የማየው የመኪናችንን ጎማና የአላፊ አግዳሚውን ጫማ ነው። የሰፈሩን ሰው በጫማው ለይቼዋለሁ፣ ተረከዙ የተበላው ማን እንደሆነ፣ በየሳምንቱ አዲስ የሚገዛው ማን እንደሆነ።

አምፖል አለኝ፣ ሶኬት የለኝም። ስለዚህ ስልኬ የሚሞላው ወጥ ቤት ነው፤ የባትሪውንም ልክ ምራቴ ከኔ ቀድማ ታውቀዋለች። ታች ከወረደ በኋላ ምን እንደሚነካው ለኔም እንቆቅልሽ ነበር። ትራሴ ላይ አስቀምጬው፣ በጣቴ ሳልነካው፣ ገና ከምድጃ እንደወጣ ዳቦ ይግላል። ሲደወል ድምፁ ይቆራረጣል። አልጋው ላይ ቆሜ፣ ግድግዳውን በአንድ እጄ ተደግፌ፣ አፌን ወደ መስኮቷ ቀስሬ ሃሎ! ሃሎ! እላለሁ። ከሃሎዎቼ ግማሹ እንኳ ወዲያ ማዶ አይደርስም፤ ከምራቴ ጆሮ ግን አንድም ሳይቀር ይደርሳል። የምታወራ አሮጊት የተባልኩት እንዲህ ነው። እኔ ተናገርኩ የምለው ሁለት ቃል፣ የተሰማብኝ ግን የቀን ሙሉ ወሬ።

ሌላ ቀን ቢሆን ስልኩን ወስደው ይቀቅሉት እል ነበር። የዚያን ቀን ግን ታናሽ እህቴ ኦፕራሲዮን ልትደረግ ነበር። ሌላ ከተማ ነው ያለችው፤ ሆዷ ውስጥ እጢ በቅሎባት፣ ተራ ይደርሳታል ስትባል ስንት ወር ሙሉ ስትጠብቅ ቆይታለች። ያቺ ልጅ ከድሮም መርፌ ስታይ የምትሸሽ ናት፤ ትምህርት ቤት ክትባት በመጣ ቁጥር እጇን ይዤ የምቆመው እኔ ነበርኩ። ዛሬ የልጅ ልጅ አይታ እንኳ ፍርሃቷ እንዳለ ነው። «እትዬ፣ ድምፅሽን ሳልሰማ እግሬን አላነሳም። አስረው ካልወሰዱኝ በቀር አልገባም» አለችኝ በዋዜማው። እኔም «ስልኩን ጉያዬ ውስጥ አድርጌ ነው የምጠብቅሽ» አልኳት። ካለች አለች ናት። እኛ ቤት ግትርነት የዘር ነው።

ቁርስ ላይ ዳቦና ሻይ ቀርቦ ነበር። የልጅ ልጄ ቦርሳዋን ይዛ ወጥታለች፤ እሷ እያለች ጠረጴዛው ላይ ቢያንስ ሳቅ አለ። ምራቴ ዳቦዋን ማርማላታ ስትቀባ ጥግ ጥጉን ሳታስቀር ታዳርሳለች፤ መድኃኒት ቤት ስለምትሠራ ይሆናል፣ ሁሉን ነገር በልክ ነው የምትሠራው። ልጄ አንዴ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሁለተኛ ጠረገ። አባቱም እንዲህ ነበር፣ ጥፋት ሊሠራ ሲል ጉሮሮው ይዘጋበታል።

«እማ፣ ስልክሽን እስቲ ስጪኝ። ባትሪው ችግር ሳይኖርበት አይቀርም፣ አሳይልሻለሁ።»

«ዛሬ አይሆንም። እህቴ ከመግባቷ በፊት ትደውላለች።»

«ሊያስገቧት ሲሉ ስልክ ማን ይፈቅድላታል? ማታ ስትወጣ ራሴ ደውዬ አገናኝሻለሁ።»

«ልጄ፣ ነግሬሃለሁ እኮ፣ ድምፄን ሳትሰማ አልገባም ብላለች።»

«እንዲያው ነው የምትለው እማ። ሐኪሞቹ ያስገቧታል።»

«ሙቀቱም ለጆሮዎ ጥሩ አይደለም እማማ፤ እኛ ለእርስዎ ብለን ነው» አለች ምራቴ ዓይኗን ከዳቦው ሳታነሳ።

ልጄ እጁን ዘረጋ። ሰጠሁት። ለምን ሰጠሁት? ልጄ ነዋ! እጁን ሲዘረጋ የማላስቀምጥበት ነገር ኖሮኝ አያውቅም። እኔው የተኮስኩለት ነጭ ሸሚዝ ላይ ኮቱን ደረበ፣ ስልኬን ከውስጥ ኪሱ ከተተ፣ ጉንጬን ሳመኝና ወጣ። ምራቴም ተከተለችው። የመኪናው ጎማ ሲንቀሳቀስ ከሳሎን መስኮት አየሁት፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ ከነመኪናው አየሁት ማለት ነው።

ልጄ የስልክ ድርጅት ኢንጂነር ነው። ሰፈሩ በስሙ አይጠራውም፣ «ኢንጂነሩ» ነው የሚለው፤ እኔም በዚያው «የኢንጂነሩ እናት» ሆኜ ቀርቻለሁ። እሱን ያስተማርኩት አውቶቡስ ላይ ትኬት እየቆረጥኩ ነው። በዚያ ሥራ ከደሞዙ ይልቅ ያለቀብኝ ጉሮሮዬ ነው። ከፊት ለተቀመጠው «ቀጣዩ ፌርማታ» ስል በሹክሹክታ ይሰማል፤ ከኋላ በር ለተጠቀጠቀው ግን አንጀቴ እስኪወጣ መጮህ ነበረብኝ። አውቶቡሱ ባዶ የሆነ ቀን ማታ ቤቴ ገብቼ እዘፍናለሁ። የሞላ ቀን ግን ገና ከቀትር በፊት ድምፄ ይዘጋል፣ ሻይ ቢሉ ማር ቢሉ አይመለስም።

ሳሎን ተቀምጬ ሰዓቱን ሳይ ሳይ አልቻልኩም። እህቴን ሊያስገቧት የቀጠሩበት ሰዓት እየደረሰ ነው። አልጋው ላይ ሆና በዚያ ከኋላው በሚከፈት የሆስፒታል ካባ ስትንቀጠቀጥ ታየችኝ። ነጠላ ጫማዬን አድርጌ ወጣሁና ጥግ ላይ ያለችው ባለሱቅ ዘንድ ሄድኩ። ዱቄት እየመዘነች ነው። «እማማ፣ ዱቄት ደግሞ ሊጨምር ነው አሉ፤ አከፋፋዩ እየመጣ ነው፣ ከፈለጉ አሁኑኑ ይውሰዱ» አለችኝ ሰላምታ ሳታስጨርሰኝ። ስልክሽን አውሺኝ አልኳት። ደግ ናት፣ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ሰጠችኝ። ይዤው ቆምኩ። ለካስ የእህቴን ቁጥር አላውቀውም! በሥራ ዘመኔ የፌርማታውን ሁሉ ዋጋ፣ የሾፌሩን ሁሉ ተረኛ ቀን በቃሌ የምወጣ ሴት የገዛ እህቴን ቁጥር ለስልኩ አስረክቤ ተቀምጫለሁ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ባዳ ሆኜ ቆምኩ።

የልጄን ቁጥር ባለሱቋ ነበራት። ደወልን። ይጠራል፣ ይጠራል፣ አይነሳም። «እንዴ፣ ረስቼው!» አለች፣ «ኢንጂነሩ እኮ አዳራሽ ነው ያለው። የአንቴናው ስብሰባ ዛሬ አይደል? ድርጅቱ እሱን ነው የላከው።» አንቴናው ከገበያው ጀርባ ባለው ፎቅ ጣሪያ ላይ ከተተከለ ወዲህ ሰፈሩ ሌላ ወሬ የለውም። ራሱን ያመመው ሁሉ አንቴናው ነው ይላል፤ ዶሮዋ እንቁላል ያቆመችባት፣ ባሏ ማምሸት የጀመረባት፣ ሁሉም ጣቱን ወደዚያ ብረት ይቀስራል። ይነቀል ብለው ተፈራርመው ነበር፤ እንግዲህ መልስ የሚሰጣቸው የኔ ልጅ ነው። አዳራሹ ሩቅ አይደለም። ለጉልበቴ ግን ሩቅ ነው። እያነከስኩ ሄድኩ።

አዳራሹ እስከ አፉ ሞልቷል። የፕላስቲክ ወንበር ያነሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ በወረቀት የሚያራግበው ብዛቱ! ልጄ መድረኩ ላይ ነው፣ ኮቱን እንደለበሰ፣ ከጀርባው ፎቅና አንቴና የተሳለበት ሰሌዳ አለ። ማይክራፎኑ ሲያፏጭበት ሳቀና አስቀመጠው። ያምራል፣ ምን እዋሻለሁ? የወለድኩት ሰው እዚያ ቆሞ ሕዝብ ሲሰማው ደረቴ ነፋ አለ። የመጣሁበት ነገር እስኪጠፋኝ ድረስ አይደለም እንጂ ለአንድ አፍታ ኮራሁ።

በዚህ መሃል ከኪሱ ውስጥ የልጅ ልጄ ድምፅ ጮኸ። ስልኬ ሲደወል እንዲጠራኝ ራሷ ቀርጻ ያስገባችልኝ ነው። «አያቴ! ስልክሽ እየጮኸ ነው! አያቴ! አንሺው!» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ልጄም ሳቀ። ስልኩን አወጣ፣ አየው። የእህቴን ስም አየ። የገዛ አክስቱን ስም አይቶ፣ አውራ ጣቱን ጫን አድርጎ እስከ መጨረሻው አጠፋው። አየሁት! ከኋላ በር ሆኜ፣ በእነዚህ በደከሙ ዓይኖቼ አየሁት! ያኔ ያ የአውቶቡስ ድምፄ፣ ስንት ዘመን ያልተጠቀምኩበት፣ ከየት እንደመጣ እንጃ።

«አንሳው! አንተ ልጅ፣ አንሳው እንጂ! እህቴ ናት!»

ሰው ሁሉ ዞረ። «ይቅርታ፣ እናቴ ናት» አለ ልጄ ፊቱ ቀልቶ። እኔ በወንበሮቹ መሃል አልፌ መድረኩ ሥር ደረስኩና እጄን ዘረጋሁ። ሊቀመንበሩ፣ ክራባት ያሰረ ሰውዬ፣ «እማማ፣ ሥነ ሥርዓት እንጠብቅ» አለኝ። ሥነ ሥርዓት! ልጄ ጎንበስ ብሎ ስልኩን ሰጠኝ። ከፈትኩት። የሚስጥር ቁጥር አስገቢ አለኝ። ይህን ቁጥር ያወጣው እሱ ነው፤ ስልኩ ሲሞት ሞልታ ከፍታ የምትሰጠኝ ምራቴ ስለሆነች ለኔ የነገረኝ የለም። ስልኩን ወደ ላይ አነሳሁለት። «ትንሽ ታገሺ እማ፣ ልጨርስ» አለ በጣቶቹ ጭምር ትንሽ የሚል ምልክት እያሳየኝ፤ ወዲያው ወደ ሕዝቡ ዞረ። አንዲት ሴት ፊት ወንበር ላይ ቦታ ለቀቀችልኝ። ቁጥር አስገቢ የሚል ስልክ ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ማዶ እህቴ ትጠብቀኛለች። እዚህ ልጄ ያስተምራል።

ደግሞ ማስተማሩን ያውቅበታል! «ይሰማል?» አለ ፊት ለፊት ያለነውን፣ በቀስታ። ይሰማል አልነው። ከኋላ «አይሰማም!» ብለው ጮኹ። ድምፁን ከፍ አደረገና «አሁንስ?» አለ፣ አንገቱ ላይ ሥሩ ተገትሮ። «እዩ እንግዲህ። ስልካችሁም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ስልክ ሬዲዮ ነው፤ ይሰማል፣ ይናገራልም። አንቴናው ቅርብ ሲሆን፣ መሃል የሚጋርድ ነገር ሳይኖር ሲቀር፣ አንቴናው ራሱ ‹ቀንስ፣ እሰማሃለሁ› ይለዋል። ስልኩም በሹክሹክታ ይናገራል። ሲርቅ ወይም ወፍራም ግድግዳ መሃል ሲገባ ደግሞ ‹አልሰማሁህም፣ ጨምር› ይለዋል። ያኔ ስልኩ ይጮሃል፤ ኃይሉ በመቶ እጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊጨምር ይችላል። የሚጮኸው ደግሞ ጆሯችሁ ሥር ሆኖ ነው። አንቴናውን ብትነቅሉት ከጨረር አትሸሹም፤ በየኪሳችሁ የሚጮህ ስልክ ይዛችሁ ትቀራላችሁ።» ሰው አጉረመረመ፣ ግን ይሰማው ነበር። እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ ገባኝ። ከኋላ በር ያለ ተሳፋሪ! ከቀትር በፊት የሚዘጋ ጉሮሮ! ለኔ ይህን ማስረዳት ሰሌዳም ሥዕልም አያስፈልገውም ነበር። ጭኔ ላይ ያለውን ስልክ ነካሁት፣ ቀዝቃዛ ነው።

ከጎኔ ተቀምጣ የነበረች ሴት ተነሳች፤ ልብስ ሰፊ ናት፣ ቀሚሷ ላይ መርፌ እንደሰካች ነው የመጣችው። «የኔ ስልክ ጠዋት ሞልቼው እስከ ምሳ ይሞታል። አላወራበትም እኮ! ባለቤቴ ከማን ጋር ስታወሪ ነው እያለ ይጣላኛል» አለች። ሳቁባት። ልጄ አልሳቀም። ከመድረኩ ወርዶ ወደ እሷ ቀረበና በዚያ ለስላሳ ድምፁ ጠየቃት። «የሚሠሩት የት ነው?» የገበያ ማዕከሉ ምድር ቤት ውስጥ ነው አለችው። «ያው እሱ ነዋ! ባያወሩበትም እንኳ ስልኩ በየጊዜው ‹አለሁ፣ አለሁ› ይላል። እዚያ ኮንክሪት ውስጥ ይህን የሚለው እየጮኸ ነው፤ ስለዚህ ይግላል፣ ባትሪውን ይበላል። ስልኩ ጤነኛ ነው፣ እርስዎም አላጠፉም። ጥፋቱ የቦታው ነው። ለባለቤትዎ ይህን ይንገሩልኝ። ከተቻለ ደግሞ ከዚያ ምድር ቤት ይውጡ እናቴ፤ ለሰውም ጥሩ ቦታ አይደለም።»

እናቴ አላት። ከኔ በዕድሜ የምታንስ ሴት! የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ማለት ይኸው እሱ ነው። ጉልበቴ መታመሙን ረስቼ ተነሳሁ።

«የኔስ?» አልኩት።

«እማ፣ ቆይ...»

«ምን እቆያለሁ? የኔ ስልክስ ጥፋቱ የማነው? ለዚህች እህት ያልካትን ጠዋት ለኔ ለምን አላልከኝም? እኔ የምተኛው የት እንደሆነ ለእነዚህ ሰዎች ንገራቸዋ! ክንድ በሚያህል ኮንክሪት ውስጥ አውርዳችሁኝ፣ ስልኩ ሲሞት አሮጊቷ ታወራለች ብላችሁ ነጠቃችሁኝ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ! እህቴ ቢላ ሥር ሆና ድምፄን ትጠብቃለች!»

አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ፣ ከዚያ ማንም አልሳቀም። ወረቀት ሲያራግቡ የነበሩት እንኳ አቆሙ። ልብስ ሰፊዋ ክንዴን ያዘችኝ። ልጄ ስልኩን ከእጄ ወሰደ፣ ጣቱ እየሳተ ደግሞ ደጋግሞ ቁጥሩን አስገባ፤ ተከፈተ። መለሰልኝ፤ ዓይኔን አላየኝም። ማዕዘኑ ላይ ያለችውን የባትሪ ምልክት ጣቴን አድርጌ አሳየሁት። ቀትር ሆኗል፤ ባትሪው አልተነካም ማለት ይቻላል። ጠዋቱን ሙሉ በእሱ ኪስ ውስጥ፣ በመኪና በመንገዱ፣ አንቴናው ሥር ሲንሾካሾክ የዋለ ስልክ ነው።

ደጅ ወጥቼ ደወልኩ። የእህቴ ልጅ አነሳችው። «አክስቴ፣ የት ጠፋሽ?» አለችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ደወልን፣ ተቋረጠ። ደገምን፣ ዝግ ነው አለን። የልጅሽንም ሞከርን፣ አያነሳም። አልገባም አለች። የአልጋውን ብረት ሁለት እጇን አድርጋ ያዘች። ነርሷ ለመነቻት፣ ሐኪሙ ቆሞ ጠበቃት፤ እትዬ ትደውላለች፣ ቃል ገብታልኛለች ብቻ ነው የምትለው። በመጨረሻ ሌላ በሽተኛ አስገቡ። ይዛችኋት ሂዱ፣ ተራ ሲኖር እንጠራችኋለን ብለውናል።»

«መቼ?»

«ማን ያውቃል አክስቴ? የዛሬው ራሱ ስንት ወር ተጠብቆ።»

አናግሪኝ አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች አለችኝ። አዳራሹ በር ላይ ያለው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ከውስጥ የጭብጨባ ድምፅ መጣ፤ ስብሰባው አልቆ አንቴናው እንዲቆይ ተስማምተው ነው። ሰው እየወጣ ሲያልፈኝ «ጎበዝ ልጅ ነው የወለዱት» ያለኝ ሁሉ አለ። እግዜር ያሳያችሁ።

ቤት ገብቼ ወደ ታች ወረድኩ። የት ልሂድ? አመሻሽ ላይ በደረጃው የጫማ ድምፅ መጣ። ልጄ ነው። ጎንበስ ብሎ ነው የገባው፤ አልጋዬን ካወረዱበት ቀን ወዲህ እግሩ ይህን ክፍል አልረገጠም። ግድግዳውን አየ፣ ቧንቧውን አየ፣ ጥግ ላይ የቀሩትን የቀለም ቆርቆሮዎች አየ። ከዚያ የራሱን ስልክ አወጣና ክንዱን ዘርግቶ ከጥግ ወደ ጥግ አዞረው፣ መስኮቷ ሥር አደረሰው፣ ወደ ትራሴ መለሰው። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። አልጋው ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁት። አንድ ቃል ነበር የምጠብቀው። ምን ዓይነት ቃል እንደሆነ እንጃ፣ ብቻ ሲመጣ አውቀዋለሁ ብዬ ጠበቅሁ። ከላይ ምራቴ ሳህን ስታስቀምጥ ይሰማል፤ የኛን ዝምታ እያዳመጠች እንደሆነ አውቃለሁ።

«ልክ ነሽ እማ» አለ በመጨረሻ። «እዚህ ምንም የለም። በጣም መጥፎ ነው። እንዴት እንዳላሰብኩት አላውቅም።»

እንዲቀመጥ አልጋው ላይ ጠጋ አልኩለት።

«በቃ፣ ነገ የኔትወርክ ማጉያ አመጣልሻለሁ። ትንሽ ሳጥን ናት። እዚህ ጥግ ላይ እሰቅላታለሁ፤ ከዚያ በኋላ አንደኛ ነው፣ ባትሪሽም አያልቅም።»

«ሶኬት የለም» አልኩት።

«አስቀጥላለሁ። ግድግዳውን አስበስቼ ሽቦ አስገባለሁ።»

ማጉያ! አቤት፣ አቤት! ግድግዳው ይበሳልኛል፣ ሽቦ ይዘረጋልኛል፣ ሳጥን ይሰቀልልኛል። ለዚያች ልብስ ሰፊ ይውጡ ያለ ሰው ለእናቱ ማጉያ አገኘላት። እኔን ከዚህ ማውጣት የሚባል ነገር በአንድም ትምህርት ቤት አላስተማሩትም። ያንን ሁሉ ዘመን የጮህኩት ለዚህ ነበር? አልተሳደብኩም። አልረገምኩም፣ የወለደች ሴት አትራገምም። ትራሴን አንስቼ በብብቴ አደረግሁ፣ ብርድ ልብሴን ትከሻዬ ላይ ጣልኩና በአጠገቡ አልፌ ደረጃውን ጀመርኩ። ጉልበቴ በየደረጃው ይንቋቋል። ልጄ ከኋላዬ «እማ፣ እማ» ይላል፣ ሊደግፈኝ ነው ሊመልሰኝ አላውቅም፣ እጁ ጀርባዬ ላይ ደርሶ ይመለሳል።

ምራቴ ደረጃው ራስ ላይ ቆማለች። «እማማ፣ ምን ሆኑ? ይህን ሁሉ ደረጃ!»

«ለጉልበቴ ብዬ ነው» አልኳት።

የእንግዳውን ክፍል ከፈትኩ። ያ ያልተተኛበት አልጋ እንደተነጠፈ ነው። የመጨረሻው ፀሐይ ግድግዳው ላይ አለ፤ በመስኮቱ ያ አንቴና ከፎቁ ራስ ላይ ቀጥ ብሎ ይታያል፤ ሰው እንዲያ ሲረግመው የከረመ ብረት። ያጌጠውን ትራስ ወንበር ላይ ወርውሬ የራሴን አስቀመጥኩ። ተቀምጬ ደወልኩ። የእህቴ ልጅ አንስታ «እንቺ፣ እትዬ ናት» ስትል ሰማሁ። የእህቴን ትንፋሽ እሰማዋለሁ፣ አንድም ሳይቆራረጥ።

«እኔ ነኝ» አልኩ በቀስታ።

«ዛሬ ለምን ትንሾካሾኪያለሽ እትዬ?» አለችኝ፤ ድምፅዋ ከልቅሶ ጠጥሯል። «ሁልጊዜ ትጮሂ የለ?»

«እዚህ መጮህ አያስፈልግም። ይሰማሻል?»

«አጠገቤ ያለሽ ነው የሚመስለው» አለችና አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ፈርቼ ነበር አለችኝ፤ አውቃለሁ አልኳት። ቃል ገብተሽልኝ ነበር አለችኝ። ልጄ ስልክ ነጠቀኝ አይባልም፣ አክስቱ ናት፣ ነገ ቀና ብላ ልታየው ነው። ለሚቀጥለው ተራ ራሴ መጥቼ እጅሽን እይዛለሁ አልኳት። ተራው ቢመጣ አለችኝ። ተራው ቢመጣ። ለረጅም ጊዜ አወራን፣ እውነተኛ ወሬ፣ ገመናም ጭምር፤ ስልኩ ጆሮዬ ላይ እንደቀዘቀዘ ነው።

ስጨርስ ቀና አልኩ። ሁለቱም በሩ ላይ ቆመዋል። ልጄ ግንባሩን የበሩ መቃን ላይ አድርጓል። ምራቴ ያጌጠውን ትራስ ከወንበሩ አንስታ ታቅፋዋለች፤ የት እንደምታስቀምጠው ግራ ገብቷታል።

«እማማ» አለች ቀስ ብላ፣ «እንግዳ ቢመጣስ?»

«ምድር ቤት ይተኛላ» አልኳት። «ባልሽ ማጉያ ያስገባለታል።»